የልጄ ተረከዝና የምራቴ እጅ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ሩዝ በሚታረምበት ሰሞን፣ ምራቴ የልጄን እግር ስታጥብ የሳፋው ውኃ ቀላ።

እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ አይ ነበር። ልጄ ከወንፈል ጓደኞቹ ጋር ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲያርም ውሎ ነው የገባው። በእኛ በፎገራ ሜዳ በክረምት ሰው እግሩን የሚያየው ማታ ሲታጠብ ነው፤ ቀን ቀን እግር ጭቃ ውስጥ ነው። አልቅት ነክሶት ይሆናል አልሁ በልቤ። ምራቴ ግን ተረከዙን ወደ መብራቱ አዙራ አጎንብሳ አየችው።

"ይህ አያምህም?" አለችው።

"የቱ?" አላት።

ተነሥቼ አየሁት። ተረከዙ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ውስጡ ነጭ ነው። የእግሩ ባለቤት "የቱ?" ይላል።

ያን ጊዜ መጀመሪያ ሊመጣብኝ የሚገባ ሐሳብ "ልጄን ምን አገኘው?" የሚል ነበር። የመጣብኝ ግን "እኔ ሳጥበው ቢሆን ቀድሜ አየው ነበር" የሚል ነው።

እግር ማጠብ በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከእርሻ የገባን ወንድ እግር እናቱ ታጥባለች፤ ሲያገባ ሚስቱ ታጥባለች። ይህን ማንም ለማንም አይነግርም፣ የታወቀ ነው። የልጄን እግር ከታቀፍሁት ጊዜ ጀምሬ ያጠብሁ እኔ ነኝ። አባቱ ሲሞት እርሻውን ገና ልጅ ሳለ ተረከበ። ማታ ማታ እግሩን ሳሸው ቀኑን ይነግረኝ ነበር፤ የበሬውን ነገር፣ የድንበርተኛውን ነገር፣ አንዳንዴም የልቡን። ምራቴ ከይፋግ ተድራ በመጣች በማግስቱ ማታ፣ እኔ ለብ ያለ ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ ሳፋውን ይዛ ፊቱ ተንበርክካ አገኘኋት።

"እማማ፣ እኔ አለሁልዎ፤ አረፍ ይበሉ" አለችኝ።

አረፍ አልሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ቀኑን ለእሷ ሲነግራት ሰማሁ።

የተሰማኝ ነገር ስሙ ቅናት እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። "ቅናት እናት ላይ ሲያድር ፍቅር መስሎ ነው የሚያድር፤ ተጠንቀቂ" አሉኝ። ተጠነቀቅሁ። አልለቀቀኝም።

ልጄን ስኳር የያዘው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ማታ መርፌ ይወጋል። ማቀዝቀዣ የለንም። መድኃኒቱን ገንቦ ውስጥ በእርጥብ አሸዋ እየቀበርሁ፣ አሸዋውን ውኃ እያጠጣሁ ያኖርሁለት እኔ ነኝ። ምራቴ ይህን አልነካችብኝም። ገንቦው የእኔ ሆኖ ቀረ፤ እግሩ የእሷ ሆነ። እንዲህ ተካፍለን እንኖር ነበር፣ ክፉ ቃል ሳንለዋወጥ።

ቁስሉ አልጠገገም። ወረታ ጤና ጣቢያ አጥበው ጠቀለሉት፣ ክኒን ሰጡት። "ውኃ አታስነካው" አሉት። በሐምሌ ለፎገራ ገበሬ "ውኃ አታስነካው" ማለት "እርሻህን ተው" ማለት ነው። የወንፈል ዕዳ ነበረበት፤ ጓደኞቹ ለእሱ ወርደውለታል፣ እሱም ላስቲክ ጠቅልሎ ወረደላቸው። በመስከረም እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጠቆረ። ሽታው ከቤት ቀድሞ በር ላይ ይቀበል ጀመር። ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። አይቶ፣ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አለ።

ምራቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ የማስበው ሜዳውን ነበር። በአንድ እግር ጭቃ አይረገጥም። በአንድ እግር ሞፈር አይያዝም። ያለ እርሻ ይህን ልጅ ማን ይለዋል?

ሊቆረጥ በሄድንበት ዕለት ባጃጃችንን ወረታ ገበያ ዳር አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው አስቆሙት። ጫማ ይሸጣሉ፤ ሙስሊም ናቸው፣ የሟች ባለቤቴ ወዳጅ ነበሩ። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፤ አንድ እግራቸው ከተቆረጠ ቆይቷል።

"ወዴት ናችሁ?" አሉ።

"ሊቆረጥ ነው" አልኋቸው።

"ማን አለ?"

"ሐኪም ነዋ።"

"እኔንም ሐኪም ነው ያለኝ። ያኔ ሌላ አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ፣ በነፍሴ ተርፌያለሁ። አሁን ግን ባሕር ዳር እግር የሚጠግን ሐኪም መጥቷል ይሉኛል። ደም እስከ ጣቱ ከደረሰ አይቆርጥም አሉ። ለእሱ ሳታሳዩ እንዳታስቆርጡ።" ከዚያ አንገታቸውን ወደ ልጄ አስገቡ። "ስማ አንተ። እኔ ጫማ ሻጭ ሆኜ ግማሽ ጫማ ነው የምለብስ። አንተም ግማሽ ደንበኛ ልትሆንብኝ?"

ልጄ ሳቀ። በዚያ ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ባጃጁን ወደ መናኸሪያ አዞርነው።

የባሕር ዳሩ ሐኪም ወጣት ነው። በጣቱ የልጄን የእግር ጀርባ እየዳበሰ ቆየ። ከዚያ ትንሽ መሣሪያ አስጠግቶ አሰማን፤ ሹ፣ ሹ፣ ሹ ይላል። "ይሄ ደሙ ነው፤ ይደርሳል" አለ። የእናት ጆሮ እንዲያ ያለ ድምፅ አይረሳም። በሆዴ ሳለም እንዲያ ይል ነበር ይሆናል፤ ያኔ የሚያሰማ መሣሪያ አልነበረም።

ከዚያ የሚያደርገውን አስረዳን። የበሰበሰውን ሥጋና የተነካውን አጥንት ጠርጎ ያወጣል። ተረከዙ ባዶ ይቀራል። ከዚያው እግር ከውስጥ በኩል፣ መሬት ከማይነካው ጎድጓዳ፣ ሥጋውን ከነደም ሥሩ ያነሣና አዙሮ ተረከዙ ላይ ይጥፈዋል። ሥጋው የተነሣበትን ደግሞ ከጭኑ ስስ ቆዳ ልጦ ያለብሰዋል። "ከያዘ በእግሩ ይሄዳል፤ ካልያዘ ወደ መቁረጡ እንመለሳለን" አለ። አልሸሸገንም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ምራቴ እያንዳንዱን ነገር ትጠይቅ ነበር። ምን ያህል ጊዜ ይተኛል፣ መቼ ይረግጣል፣ ምን እንዳይሆን እንፍራ። ሐኪሙ ለእሷ ይመልሳል፤ ወደ እሷ ዞሮ። እኔ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።

"ዶክተር፣ ለምን ከእሱ ይወሰዳል? እሱ ደክሟል። ከእኔ ውሰዱለት።"

"እማማ፣ የእርስዎን አይቀበለውም" አለኝ በለሆሳስ። "ሰውነት የራሱን ብቻ ነው የሚቀበል።"

"ከማን ተገኝቶ ነው የራሱ የሆነው?" አልሁት።

ሐኪሙ አቀርቅሮ ፈገግ አለ። "እውነትዎን ነው። ግን አይሆንም።"

ምራቴ እጄን ያዘችኝ። እጄን መንጠቅ አማረኝ። አልነጠቅኋትም።

ልጄ ቀዶ ጥገና ሲገባ እኔ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። ጨርሼ ደግሜ ጀመርሁ። ተሳልሁም፦ በሁለት እግሩ ከቆመ ኪዳነ ምሕረት ደጅ አቆመዋለሁ፣ ጥላ ይዤ። አመሻሽ ላይ "አልቋል፤ ደህና ነው" አሉን። ተንበርክኬ መሬቱን ሳምሁ።

ከዚያ በሩ ላይ ዘበኛው ቆመ። "አስታማሚ አንድ ነው የሚገባ። ማናችሁ ናችሁ?"

"እኔ እናቱ ነኝ" አልሁ።

"እኔ ሚስቱ ነኝ" አለች ምራቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"እናትም ሚስትም አንድ አልጋ ሥር አይተኙም፤ በሽተኛው ይምረጥ" አለ ዘበኛው። ሊቀልድ ፈልጎ ነው። አልሳቅንለትም።

በመግቢያ ሰዓት ልጄን ጠየቅነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ "እማየ ደክማለች። እሷ ትሁን" አለ።

"አልደከምሁም።"

"እማየ" አለ። ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር በቆየንበት ጊዜ ሁሉ ሥራዬ ምግብ ማመላለስ ሆነ። ዘመድ ቤት አብስዬ በእቃ ቋጥሬ እመጣለሁ፤ ምራቴ ከውስጥ ወጥታ ትቀበለኛለች። "በላ?" እላታለሁ። "በላ" ትለኛለች። ከማን እጅ እንደበላ አልጠይቅም።

አንድ ቀን ግን በመግቢያ ሰዓት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ደረስሁ። ልጥፉን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ያረጀ ልብስ ላይ አዲስ ጨርቅ እንደሚጣፍ ያለ ነው፤ ዙሪያውን ተሰፍቷል። ነርሷ በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችው። "ሞቅ ብሏል። ጎሽ!" አለች። "እኛ የምንፈራው ሲቀዘቅዝ ነው።" ይህን ቃል ያዝሁት። ምራቴ ብዙ ቃል ይዛለች፤ እኔ አንድ ይበቃኛል አልሁ።

ልጥፉ ያዘ። እግዚአብሔር ይመስገን። የልጄን ሩዝ እነዚያ የወንፈል ጓደኞቹ አጨዱለት። እሱ በምርኩዝ ደጅ ተቀምጦ ክምሩን ይቆጣጠር ነበር። "አንተ፣ እግርህን ሰፍተው ምላስህን ረሱት እንዴ? አፍህ አላረፈም" ይሉታል። በጥር ሐኪሙ እንዲረግጥ ፈቀደለት፤ ከውስጡ ለስላሳ ነገር የተነጠፈበት ሰፊ ጫማ ታዘዘለት፤ የወረታው ሽማግሌ ናቸው ፈልገው ያስገኙለት። ጫማውን አድርጎ ሱቃቸው በር ላይ ሲቆም፣ "ይኸው! ሙሉ ደንበኛ!" ብለው ጮኹ። ሐኪሙ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነው፦ ባዶ እግሩን መሬት እንዳይረግጥ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። ልጥፉ ገና ለጋ ነው፣ ስኳሩ ስሜቱን ስለወሰደውም እግሩ ሕመም አይናገርም።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ምራቴ እግሩን የምታጥበው እንደ ቅዳሴ ዕቃ ነው። ውኃውን በክርኗ ትለካለች። በጣቶቹ መካከል ታደርቃለች። ትንሽ መስተዋት ከተረከዙ ሥር ይዛ ታያለች፣ በእጇ ትዳስሳለች። እኔ ከምድጃው ሆኜ "እህ?" እላለሁ።

"ደህና ነው፣ እማማ።"

"ምን ይመስላል?"

"ደህና ነው።"

ይህችን "ደህና ነው" ጠላኋት። እሱ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ይላታል፤ ትስቃለች። ምን እንዳላት አይሰማኝም። ወደ ገንቦዬ ሄጄ አሸዋውን ውኃ አጠጣለሁ፤ ቀን አጠጥቼው የነበረ ቢሆንም።

ምራቴ አርግዛ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና፣ በየካቲት መጀመሪያ ወንድሟ ከይፋግ ሊወስዳት መጣ። ደስ አለኝ። ለእሷ ደስ አለኝ እያልሁ ደስ አለኝ።

ልትሄድ ስትል መስተዋቱን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሆዷ አላስጎነብሳት ብሏል።

"እማማ፣ የእግሩን ነገር ላሳይዎ።"

"እግር ማጠብ ልታስተምሪኝ ነው?"

ፊቷ ቀላ። "ኧረ አይደለም። አተያዩን ነው። በመዳፍዎ አይዳስሱት፤ በእጅዎ ጀርባ ያድርጉት።"

"ለምን?"

"የእርስዎ መዳፍ እኮ…" ብላ አቋረጠች።

ልጄ ከአልጋው ላይ ሳቀ። "እማየ፣ ያንች መዳፍ ፍም ያነሣል። እሱም እንደኔ ተረከዝ ነው፣ ምንም አይሰማው።"

እውነቱን ነው። ድስት ያለ ጨርቅ ነው የማወርድ። ያሳደግሁበት እጅ ዛሬ የልጄን ትኩሳት አይለይም። ይህን ከምራቴ ፊት መስማት ከበደኝ።

"እሺ፣ በእጄ ጀርባ" አልሁ።

"ቀለሙን ይዩ። ሙቀቱን ደግሞ…"

"ሙቀቱን አውቃለሁ። ባሕር ዳር ሰምቻለሁ።"

"እማማ፣ እሱ እኮ…"

"አውቃለሁ አልሁሽ።"

መስተዋቱን እጄ ላይ አኖረች። ወንድሟ ከደጅ "ኧረ መኪናው ሊያመልጠን ነው!" ብሎ ተጣራ። ጉልበቴን ስማኝ ሄደች።

እግሩ ለእኔ ቀረ። ውኃውን በክርኔ ለካሁ፣ በጣቶቹ መካከል አደረቅሁ፣ መስተዋቱን ያዝሁ። ልጄም እንደ ዱሮው ቀኑን ይነግረኝ ጀመር። የሚነግረኝ ግን ስለ እሷ ነው። ምን ትበላ ይሆን፤ የይፋግ ብርድ እንዳይመታት፤ እንዲህ ብላ ነበር፤ እንዲያ ብላ ነበር። እግሩን ይዤ እሷን እሰማለሁ። ምን አደርጋለሁ፣ አጠብሁ።

የካቲት ዐሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ደረሰች። ስለቴን ለመፈጸም ጥላዬን ይዤ ከልጄ ጋር ሄድሁ። የእግሩን ነገር ለንስሐ አባቴ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። "ሕመምተኛ ነው፤ ቤተ መቅደስ አይግባ እንጂ ቅጽሩ ውስጥ ተጫምቶ ይቁም፣ እኔ ፈቅጄለታለሁ" ብለውኛል። ልጄም "እሺ" ብሏል። ወንዶቹ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ ቆምን። ታቦቷ ወጣች። ሕዝቡ ተከትሎ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞረ። ፀሐዩ ይፋጃል፤ የበጋው መሬት ደርቆ ጠጠሩ ሁሉ ከላይ ነው። ታቦቷ ስትገባ እልል ብዬ ልጄን ፈለግሁት። ጫማውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆሟል።

"ጫማህስ?" አልሁት።

"ታቦት ፊት ተጫምቼ ልዙር? የአገር ሽማግሌ ሁሉ ባዶ እግሩን እየዞረ?"

"አባ ፈቅደውልሃል እኮ!"

"እሳቸው ፈቀዱ፤ እኔ አፈርሁ። ደግሞ ምንም አላመመኝም እማየ።"

አላመመኝም ይላል። በሽታው እኮ ይኸው ነው፤ ያን ቀን ግን ይህን አላሰብሁትም። ያሰብሁት ሊቆረጥ የነበረው ልጄ በሁለት እግሩ ታቦት ተከትሎ መዞሩን ነው። ስለቴ ሰምሯል። ጥላውን አስረክቤ፣ ቀና ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ቤት ገብተን፣ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ፣ እግሩን አጠብሁት። መስተዋቱን አስጠጋሁ። ቀለሙ ቀላ ያለ መሰለኝ፤ የፀሐይ ነው አልሁ። በእጄ ጀርባ ዳሰስሁት። ሞቅ ብሏል። ሰሞኑን ስዳስሰው እንዲህ ሞቆ አያውቅም። የነርሷ ቃል ትዝ አለኝ። ሞቅ ብሏል፣ ጎሽ። አማተብሁ።

ስልኩን አንሥቼ ይፋግ ደወልሁ። ሌላ ጊዜ የምትደውል እሷ ናት። ያን ዕለት ግን የምነግራት ነገር ነበረኝ።

"ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ? ሆድሽስ?"

"ደህና ነኝ፣ እማማ። እግሩስ?"

ሰላምታው እንኳ አላለቀም። "እግሩማ" አልኋት፣ እያጣጣምሁት፣ "ካንች ጊዜም ይልቅ ደህና ነው። ታቦት ተከትሎ ሦስት ጊዜ ዞረልሽ። አሁን ሳጥበው ልጥፉ ሞቅ ብሏል።"

ድምፅ ጠፋ። የተቋረጠ መሰለኝ።

"ሃሎ?"

"እማማ፣ ባዶ እግሩን ነው የዞረው?"

"ታቦት ነው እኮ፣ ልጄ።"

"ያኛው ደህናው እግሩስ? የእሱ ተረከዝም ይሞቃል?"

ሄጄ ዳሰስሁ። "ቀዝቃዛ ነው" አልኋት።

"ልጥፉ ከእሱ ይበልጥ ይሞቃል?"

መልሼ ዳሰስሁ። ልጄ "ምንድን ነው?" ይለኛል። "ይሞቃል" አልሁ። "መሞቁ ደግ ነው እኮ፤ ነርሷ…"

"ያኔ ነዋ፣ እማማ! ያኔ ልጥፉ አዲስ ነው፤ ደም ይድረስ አይድረስ ነበር የሚያዩት። አሁን ከዳነ በኋላ አንደኛው ብቻ ከሞቀ ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው። ልነግርዎ ነበር…" ብላ ተወችው። "አውቃለሁ" እንዳልኋት አላነሣችብኝም። እስከ ዛሬም አላነሣችም።

መደቡ ላይ ተቀመጥሁ።

"መሬት እንዳያስነካው" አለችኝ። "ወደ ውጭ ሲወጣም በምርኩዝ። ነገ በጠዋት ባሕር ዳር ይሂድ። እኔ አሁን ወንድሜን አስነሥቼ…"

"ወዴት? መኪና ላይ ልትወልጅ?"

አለቀሰች። የእሷን ልቅሶ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ባሕር ዳር እንኳ እኔ ፊት አላለቀሰችም። "ስሚ፣ ልጄ" አልኋት። "አትምጪ። እኔ እወስደዋለሁ። ለሐኪሙ ምን ልበለው? አንድ በአንድ ንገሪኝ።"

ነገረችኝ። እያንዳንዱን መልሼ አልሁላት፤ ስሳሳት አረመችኝ።

በኋላ ሳስበው፣ በምስጋና የደወልሁ መስሎኝ ነበር። ምስጋና ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ጸሎቴን አድርሼ እተኛ ነበር፤ ልጄም ሲነጋ በዚያ ተረከዝ ወደ ሩዝ መፈልፈያው ይሄድ ነበር። ያስደወለኝ ቅናቴ ነው፤ እሷ ላይ መኩራት ፈልጌ። እግዚአብሔር በምን እንደሚሠራ አይታወቅም። ይመስገን።

በማግስቱ ጠዋት ሳይነጋጋ ልጄን ተነሥ አልሁት። መርፌውን ከገንቦው አውጥቼ ሰጠሁት። በባጃጅ ወረታ ወጣን፣ የመጀመሪያውን መኪና ያዝን። እግሩን መሬት እንዳይነካ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ሐሙሲት ስንደርስ ተሳፋሪ በዛ። አንዱ እግሩን አይቶ፣ "እናቴ፣ ይህ እግር ወንበር ይዟል፤ ተሳፍሯል ወይስ ተጭኗል?" አለኝ።

"ካንተ ይልቅ ብዙ አይቶ ነው የመጣው፤ ተወው" አልሁት። ሰው ሳቀ። ተጠጋግተው ቦታ ሰጡን። እኔ የምራቴን ቃል እንዳይጠፋብኝ እንደ ጸሎት በልቤ እደግመው ነበር፦ ባዶ እግሩን ዞረ፤ ማታ ከሌላው ይሞቃል፤ ቀላ ብሏል፤ አልፈነዳም፤ ሽታ የለውም፤ ከዚያ ወዲህ አልረገጠበትም።

ያው ወጣት ሐኪም ነው ያየን። የነገርሁትን እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ አላቋረጠኝም። ከዚያ በእጁ ጀርባ አንዱን እግር ዳሰሰ፣ ሌላውን ዳሰሰ። ዳር ዳሩን ተጫነው። ያንን ትንሽ መሣሪያ አስጠጋ፤ ሹ፣ ሹ አለ። ትንፋሼን መለስሁ።

"ከቆዳው ሥር ተቀጥቅጧል" አለ። "ግን አልተከፈተም፤ ልጥፉም ደህና ነው። እንደገና ወደ ምርኩዙ ይመለሳል፣ እኔም እግሩን በጀሶ አሳርፈዋለሁ። ይድናል። ጥቂት ቀን ቢረግጥበት ኖሮ ግን ይፈነዳ ነበር፤ ያኔ የምናወራው ሌላ ነበር።" ልጄን በጎን አየው። "አንተ ከእንግዲህ ታቦት ስትከተል በጫማህ ነው። ካፈርህ ከኋላ ተከተል።"

"እሺ" አለ ልጄ፣ እንደ ሕፃን።

ሐኪሙ ጀሶውን እያራሰ ቀና አለ። "ይህን በጊዜ ማን ነው ያስተዋለው?"

ልጄ እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

"ምራቴ ናት" አልሁ።

"የት አለች? ትግባ እንጂ።"

"ይፋግ ናት።"

"ይፋግ ሆና ነው ያየችው?"

"ይፋግ ሆና።"

ልጄ መሳቅ ጀመረ። ሐኪሙ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ ፈገግ አለና እግሩን መጠቅለል ጀመረ። "ጎበዝ ምራት አለችዎ" አለኝ።

"አለችኝ፤ ተመስገን" አልሁ።

ጀሶው እየተጠቀለለ ተረከዙን ሸፈነው።

"የዳሰስሁት ግን እኔ ነኝ" አልሁት።